ያልተሳኩ የመግቢያ ሙከራዎችን በሰርቨር ላይ መመዝገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡትን ጥያቄዎች በተለያየ ጊዜ ያነሷቸው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ ሆቴሎች፣ ማኅበራት፣ ኮሌጆችና አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ሰርቨሩን ገዝተው በሌላ ሰው እጅ የሚያሠሩ ኃላፊዎች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች የተጻፉ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ሰርቨርም እንደ አስፈላጊነቱ ተነሥቷል።

ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ ምንድን ነው? መግባት ያልቻለን ሰው መመዝገብስ ምን ይጠቅማል?

አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ወይም ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያገለግል ፋይል) አቅርቦ ሰርቨሩ ሳይቀበለው ሲቀር ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ ተደረገ ይባላል። በከተማችን ባሉ ትልልቅ ግቢዎች በር ላይ የሚገኘው የጥበቃ ደብተር የሚይዘው የገባውን ሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና የገባበትን ሰዓት ነው፤ ከበር የተመለሰውን ማንም አይጽፈውም። አንድ ሰው በሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ በአምስት የተለያየ ስም መጥቶ ቢመለስና በስድስተኛው ቢሳካለት፣ ደብተሩ የሚያሳየው እንደ ማንኛውም እንግዳ በሰላም የገባ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። የተሳካውን ብቻ የሚመዘግብ ሰርቨርም ከዚህ ደብተር አይሻልም።

ስለዚህ ያልተሳኩት ሙከራዎች መዝገብ ዋጋ የሚያገኘው ከተሳኩት ጋር ተያይዞ ሲነበብ ነው። ሦስት መቶ ያልተሳካ ሙከራ ብቻውን ብዙም አያስደነግጥም፤ ከሦስት መቶው ቀጥሎ ከዚያው አድራሻ የመጣ አንድ የተሳካ መግቢያ ግን እንቅልፍ ሊያሳጣ ይገባል።

ሰርቨሬ ምንም ሳላዘው ይመዘግባል? መዝገቡንስ የት አገኘዋለሁ?

በአብዛኛው ይመዘግባል። በኡቡንቱና በቀደሙት የዴቢያን እትሞች (ሁለቱም የሊኑክስ ስርጭቶች ናቸው) መዝገቡ «ቫር» ውስጥ ባለው «ሎግ» ማህደር «ኦዝ ነጥብ ሎግ» በሚባል ፋይል ይቀመጣል፤ በሬድ ሃትና ከእሱ በተወለዱት ስርጭቶች ደግሞ በዚያው ማህደር «ሴኪዩር» የሚባለው ፋይል ይህንኑ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 መዝገብ ጸሐፊውን ፕሮግራም አርሲስሎግን ከነባሪ (ማንም ሳያዘው ከሚመጣው) ጭነቱ ስላስወጣው፣ በእሱ ላይ የቀድሞውን ፋይል ፈልገው ያጡ ሰዎች ሰርቨሩ መመዝገብ ያቆመ መስሏቸው ሲጨነቁ አይቻለሁ። መዝገቡ የተዛወረው ሲስተሙ ራሱ ወደሚይዘው ሲስተምዲ ጆርናል ነው፤ የሚነበበውም ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ነው።

ጆርናሉን በተመለከተ አንድ ነገር ማረጋገጥ ይገባል። «ሎግ» ማህደር ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ንዑስ ማህደር ከሌለ፣ በነባሪው አሠራር መዝገቡ የሚያዘው በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ስለሆነ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሌሊቱን የተደረገ ሙከራ ጠዋት ላይ ሊነበብ የማይችለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች «ቢቲምፕ» የሚባል ያልተሳኩ ሙከራዎችን ብቻ የሚይዝ ፋይል አለ። በጽሑፍ ማረሚያ ተከፍቶ አይነበብም፤ «ላስትቢ» በሚለው ትእዛዝ፣ ያውም በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው የዋና አስተዳዳሪ አካውንት) መብት ብቻ ይታያል።

በዊንዶውስ ሰርቨር የሚፈለገው በኢቬንት ቪወር ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» በሚለው ክፍል የሚገኘው 4625 ቁጥር ያለው ክስተት ነው፤ የተሳካው መግቢያ 4624፣ የተቆለፈ አካውንት ደግሞ 4740 ነው። ይህ መዝገብ መጠኑ ሲሞላ በነባሪው አሠራር የቆየውን እየደመሰሰ አዲሱን ስለሚጽፍ፣ የተጠቃሚው ብዛት ከፍ ባለበት ቦታ የተፈቀደለትን መጠን ማሳደግ ያስፈልጋል።

ከአንድ የመዝገብ መስመር ምን ይነበባል?

በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚገባበት መንገድ) በኩል የተደረገ አንድ ያልተሳካ ሙከራ የሚጽፈው መስመር ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «ሕጋዊ ላልሆነው ተጠቃሚ ‹ኦራክል› የቀረበው የይለፍ ቃል አልተሳካም፤ ከ203.0.113.45፣ ፖርት 51422»። ከፊቱ ቀንና ሰዓት፣ የሰርቨሩ ስምና የፕሮግራሙ የሂደት ቁጥር ይገኛሉ።

«ሕጋዊ ያልሆነ ተጠቃሚ» የሚለው ሐረግ እንዲህ ያለ ስም በሰርቨሩ ላይ እንደሌለ፣ ወይም በኤስኤስኤች እንዲገባ እንዳልተፈቀደለት ያመለክታል። ብዙዎች ይህን ቃል ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ይልቁንም ሊያስደነግጥ የሚገባው ሐረጉ የሌለበት መስመር ነው፤ ምክንያቱም ሞካሪው በእውነት ያለ ስም ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ያ ስም «ሩት» ከሆነ ማንም የሚገምተው ስለሆነ ብዙ አያሳስብም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስም ከሆነ ግን ስሙን ከየት እንዳገኘው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፖርት ቁጥሩን (በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ግንኙነቶችን የሚለየውን ቁጥር) አብዛኛው ሰው የሰርቨሩ ፖርት አድርጎ ይረዳዋል። የሰርቨሩ ሳይሆን የሞካሪው ነው፤ እንደ ተራ ነገር ቢታይም ጥቅም አለው። ብዙ ደንበኞች በአንድ የአይፒ አድራሻ (ማሽን በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ጀርባ ተጋርተው ወደ ኢንተርኔት በሚወጡበት አሠራር፣ ከመካከላቸው አንዱን ለመለየት የአገልግሎት አቅራቢው አድራሻው ብቻ አይበቃውም፤ የምንጩን ፖርትና ትክክለኛውን ሰዓት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሰርቨሮች የምንጭ ፖርትን እንዲመዘግቡ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ለቆጠራ የሚጠቅም አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በኡቡንቱ ላይ ተመሳሳይ መስመሮች ተከታትለው ሲመጡ አርሲስሎግ ጠቅልሎ «መልእክቱ 5 ጊዜ ተደግሟል» ብሎ ሊጽፋቸው ይችላል። መስመር እየቆጠረ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ቁጥሩን አሳንሶ ያቀርባል።

በመዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ብዙ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ይህ ስለሆነ መልሱን ረዘም አድርጌዋለሁ።

በሐይቁ ዳርቻ የሚገኝ አንድ ሆቴል የክፍል መያዣ ሲስተሙን የሚያሠራው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነበር። አንድ ቀን በእንግዳ መቀበያው አካውንት ሰባት ያልተሳኩ ሙከራዎች ተመዝግበው ተገኙ፤ የመጨረሻው ሰዓት 03:20 ይላል። ሥራ አስኪያጁ እንደ ማንኛችንም «ሦስት ሰዓት ከሃያ» ብለው አነበቡት፤ ጠዋት በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የነበረችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ስለነበረች ጥርጣሬው በእሷ ላይ አረፈ። እኔ ተጠርቼ ስመጣ ሰርቨሩ የሚጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ 03:20 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ነው ብዬ በሙሉ ልብ አስረዳሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ነጻ ወጣች፤ ጥርጣሬው ግን ወደ ሌሊት ተረኛው ዞረ። ልጁ ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሠራ።

በሦስተኛው ቀን የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና ስመለከት ዩቲሲ (የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች የሚቆጠሩበት መነሻ ሰዓት) ላይ እንደተተወ አየሁ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ 03:20 የተባለው በአገራችን 06:20፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ነበር። ተረኞች የሚቀያየሩት 12 ሰዓት ላይ ነው። የሌሊቱ ተረኛ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትቶት ወጥቷል፤ የተጠቃሚውን ስም ብራውዘሩ ራሱ ስለሚሞላው፣ የቀኑ ተረኛ የይለፍ ቃሏን ብቻ ስትጽፍ የሚታያት ጥቁር ነጥብ ነው፤ ሳታውቀው ሰባት ጊዜ በፊደል ጻፈችው። አንድ ቁጥር በሦስት አቆጣጠር ተነብቦ ሦስት ሰው ዘንድ ደረሰ፤ ከሦስቱም አንዳቸው ጥፋተኛ አልነበሩም። ለሌሊት ተረኛው ይቅርታ የጠየቅሁት ራሴ ነኝ።

ከዚህ በኋላ የምከተለው አሠራር ይህ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲም ይሁን በአዲስ አበባ ቀጠና ቢጽፍ ምርጫው የባለቤቱ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ከሰዓቱ ጎን ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት እንዲጽፍ ማድረግ ግዴታ ነው። ሲስሎግ የሚባለው የመዝገብ መስመር አሮጌ አጻጻፍ ዓመተ ምሕረቱንም የሰዓት ቀጠናውንም አይጽፍም፤ በአዲሱ አጻጻፍ ሁለቱም ይገኛሉ። ለኃላፊ የሚቀርብ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን ጨምሮ፣ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች እጽፋለሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ የቀን ስህተት የሚበዛ ስለሆነ ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ሌላው የሰዓት ችግር ምንጭ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ ባለቀችበት ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሰርቨሩ በኤንቲፒ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እስኪያስተካክል ድረስ የተመዘገበው ሁሉ በተሳሳተ ቀን ሥር ይገባል፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ከተቋረጠ ስህተቱ ለሰዓታት ይዘልቃል። ባትሪዋን መለወጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች ከማላውቀው አገር ይመጣሉ። እኛን የሚፈልገን ማን ነው?

ማንም ለይቶ አልፈለጋችሁም። የአይፒ ስሪት 4 አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ይህ ቁጥር ለማሽን ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ዚማፕ የሚባል መሣሪያ አንድን ፖርት በመላው የአድራሻ ክልል ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበት ፖርት 22 ለኢንተርኔት የተከፈተ ሰርቨር፣ ባሕር ዳርም ይሁን ሄልሲንኪ፣ ብዙ ሳይቆይ ይገኛል፤ «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»፣ «ኡቡንቱ»፣ «ኦራክል» እያሉ የሚያንኳኩት አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ናቸው።

ከዚህ ጫጫታ ውስጥ የሚፈለገውን ለመለየት የሙከራውን ብዛት ሳይሆን ቅርጹን መመልከት ይሻላል። አንድ አድራሻ በአንድ ስም ላይ መቶ የይለፍ ቃል ቢሞክር የተለመደው ግምታዊ ጥቃት ነው። አንድ ወይም ሁለት የይለፍ ቃል ብቻ ይዞ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ስም ሁሉ ላይ የሚዞር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ አካውንት አንድ ስህተት ብቻ ስለሚታይበት የመቆለፊያ ገደቡን አይነካም፣ በተናጠል የሚያየው ሰውም አይጠረጥርም። ይህን የሚገልጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት የተለያየ ስም እንደተሞከረ የሚቆጥር ሪፖርት ነው።

ለምርመራ እንዲረዳ የተሞከረውን የይለፍ ቃል ጭምር ብመዘግብስ?

ፈጽሞ አይመዝገብ። የተሳሳተው የይለፍ ቃል በአብዛኛው ከትክክለኛው በአንድ ፊደል የሚለይ ወይም ያው ሰው ለሌላ አካውንት የሚጠቀምበት ነው፤ መዝገቡን ያገኘ ሰው የሠራተኞችን ቁልፍ በሙሉ አገኘ ማለት ነው።

ሆን ብለን ባንመዘግበውም እንኳ የይለፍ ቃል ወደ መዝገቡ የሚገባበት መንገድ አለ። ሰው ሲቸኩል በተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፤ ሰርቨሩም «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ አልተገኘም» ብሎ የጻፈውን ሁሉ እንዳለ ይመዘግባል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከዚያው አድራሻ ትክክለኛው ስም ይከተላል። ሁለቱን መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ ላነበበ ሰው የቀረ ምስጢር የለም። በዚህ ምክንያት መዝገቡ ለሩትና ለተወሰነ ቡድን ብቻ የሚነበብ መሆን አለበት። መዝገቡን በቴሌግራም ፎቶ አንሥቶ ለእርዳታ የሚልክ ባልደረባም አስቀድሞ ሊያጣራው ይገባል። እንዲህ ያለ መስመር ከተገኘ የዚያን ሰው የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ማስቀየር ነው።

ኤስኤስኤች በቁልፍ ብቻ እንዲሠራ አድርጌአለሁ። አሁንም መዝገብ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ የሚታየው ግን ይቀንሳል። በነባሪው የዝርዝር ደረጃ የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤች የይለፍ ቃል ስህተትን ይጽፋል፤ ተቀባይነት ያላገኘ ቁልፍን ግን ሙከራዎቹ ከተፈቀደው ግማሽ እስኪደርሱ ድረስ በዝምታ ያልፋል። የተፈቀደው በነባሪ 6 ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው በቀድሞ ቁልፉ መሞከሩን ማወቅ የሚፈልግ አስተዳዳሪ የዝርዝር ደረጃውን ወደ «ቨርቦስ» ከፍ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ የቀረበው ቁልፍ «የጣት አሻራ» (ቁልፉን የሚለይ አጭር ኮድ) አብሮ ይጻፋል።

የዌብ መተግበሪያችን መግቢያ ገጽ አለው። የዌብ ሰርቨሩ መዝገብ አይበቃም?

ብዙ ጊዜ አይበቃም። የዌብ ሰርቨሩ መዝገብ የትኛው ገጽ ተጠየቀ፣ መልሱስ ምን ቁጥር ነበር የሚለውን እንጂ ማን ሊገባ ሞከረ የሚለውን አይዝም። ቁጥሩም ያሳስታል፤ ለምሳሌ ዎርድፕሬስ የይለፍ ቃሉ ሲሳሳት የመግቢያ ገጹን መልሶ ስለሚያሳይ የሚመዘገበው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚለው ቁጥር ነው፤ በትክክል ሲገባ ደግሞ 302 ይመዘገባል። ስለዚህ መተግበሪያው ራሱ ሰዓቱን፣ የተሞከረውን ስም፣ የመጣበትን አድራሻና ያልተሳካበትን ምክንያት እንዲጽፍ መደረግ አለበት። ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ብቻ ይጻፍ፤ ለተጠቃሚው «ስሙ የለም» ወይም «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ብሎ ለይቶ መንገር ትክክለኛ ስሞችን ለአጥቂ መጠቆም ነው።

ከመተግበሪያው ፊት በዚያው ማሽን ላይ ኤንጂንኤክስ ወይም ሌላ አስተላላፊ (ጥያቄን ተቀብሎ ወደ መተግበሪያው የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካለ፣ ሁሉም ሙከራ ከ127.0.0.1 እንደመጣ ሆኖ ይመዘገባል። አንድ ባልደረባዬ «ሰርቨሩ ራሱን እያጠቃ ነው» ብሎ በሌሊት ደውሎልኝ ያውቃል። መፍትሔው አስተላላፊው የእንግዳውን እውነተኛ አድራሻ በራስጌ (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚላክ መረጃ) እንዲያሳልፍ ማድረግ ነው፤ ሆኖም ያንን ራስጌ ከራሳችን አስተላላፊ ካልመጣ በስተቀር ማመን አይገባም፤ ማንም የፈለገውን አድራሻ ሊጽፍበት ይችላልና።

የተጠቃሚው ስም ውስጥ የአዲስ መስመር ምልክት አስገብቶ በመዝገቡ ላይ የሐሰት መስመር የሚያስጽፍም አለ። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ካሉ ምልክቶች መጣራት አለበት።

ከስንት ሙከራ በኋላ ይታገድ?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በሬድ ሃት ቤተሰብ የተለመደው ፌይልሎክ በነባሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ የተሳሳተን አካውንት ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል። መዝገቡን እያነበበ አድራሻን በፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን በሚከለክል አጥር) የሚያግደው ፌይልቱባን ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስህተት ያየበትን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 9.8 እትም ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ ደጋግሞ የሚሳሳት አድራሻን ለጊዜው የመቅጣት ችሎታ አለው።

አካውንትን መቆለፍና አድራሻን ማገድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። አካውንት መቆለፍ ሲበዛ ተንኮለኛ ሰው የሥራ አስኪያጁን ስም ብቻ አውቆ በየ10 ደቂቃው ሦስት ጊዜ በመሳሳት ከሥራ ሊያስወጣቸው ይችላል። አድራሻ ማገድም የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ የጥምቀት ሰሞን የእገዳውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን አድርጌ ነበር፤ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ አምስት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሰርቨሩ ከከተማ ውጭ ስለነበረና ሆቴሉ ከነእንግዶቹ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በአንድ አድራሻ ስለሆነ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ማንም የክፍል መዝገቡን መክፈት አልቻለም። የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ከእገዳ ነጻ በሆኑት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይህን ያስቀር ነበር።

ሌሊት ሌሊት በየአምስት ደቂቃው ከውስጥ ኔትወርክ ስህተት ይመዘገባል። ሰርጎ ገብ ነው?

በእንዲህ ያለ የተስተካከለ ልዩነት የሚሞክር አብዛኛውን ጊዜ ማሽን ነው፤ ያውም የራስ ማሽን። የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ አሮጌውን ይዞ የቀረ የባክአፕ ሥራ፣ ስካን የሚልክ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወይም የሠራተኛ ስልክ ላይ ያለ የኢሜይል መተግበሪያ ይሆናል። በዊንዶውስ 4625 ክስተት ላይ የመግቢያው ዓይነት ይረዳል፦ 2 በማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ 3 በኔትወርክ፣ 4 በተያዘ የሥራ መርሐ ግብር፣ 10 በርቀት ዴስክቶፕ ነው። የኔትወርክ ደረጃ ማረጋገጫ (ዴስክቶፑ ከመከፈቱ በፊት ማንነትን የሚያጣራው) ሲበራ ግን ያልተሳካ የርቀት ዴስክቶፕ ሙከራ በ3 ቁጥር ሊመዘገብ ስለሚችል፣ 10 የለም ብሎ መዝናናት ስህተት ነው።

መዝገቡ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? ሕጉስ ምን ይላል?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (የግንኙነትን መነሻ፣ መድረሻና ሰዓት የመሳሰለ መረጃ) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከሰው ጋር የሚያያዝ መረጃን ለታወቀ ዓላማና ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ መያዝን የሚጠይቅ ነው፤ የተጠቃሚ ስምና የአይፒ አድራሻም ከሰው ጋር ይያያዛሉ። ድርጅታችሁ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚወድቅ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል። እኔ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓመት አስቀምጦ ከዚያ በኋላ መደምሰስን እመክራለሁ።

ይህ በነባሪ አይሆንም። በዴቢያንና በኡቡንቱ የተለመደው አሠራር ፋይሉን በየሳምንቱ እየቀየረ አራት ሳምንት ብቻ ያቆየዋል። ፋይሉ ሲቀየር ስለሚታመቅ ዓመት ማቆየት የዲስክ ቦታ አያስጨንቅም።

አጥቂው ከገባ መዝገቡን አያጠፋውም?

የሩት መብት ካገኘ መጀመሪያ ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ በተጻፈበት ቅጽበት ወደ ሌላ ማሽን መሄድ አለበት። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ከአገልግሎት የወጣ አንድ ዴስክቶፕ ላይ አርሲስሎግ ጭኖ፣ ከሰርቨሮቹ የሚመጣውን ብቻ እንዲቀበል አድርጎ፣ በሌላ የይለፍ ቃልና በሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይበቃል። የተለመደው ፖርት 514 ነው፤ መድረሱን በማያረጋግጠው የመላኪያ መንገድ በዩዲፒ የተላከ መስመር መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም አያውቅምና የሚያረጋግጠው ቲሲፒ ይመረጣል፤ በሕንጻዎች መካከል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በቲኤልኤስ ተመስጥሮ በ6514 ይላክ።

መስመር ሲቋረጥ ምን ይሆናል ለሚለው፣ አርሲስሎግ ያልተላከውን በዲስክ ላይ ሰልፍ አስይዞ ግንኙነቱ ሲመለስ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። ይህ በነባሪ የተከፈተ አይደለም፤ በእጅ መጻፍ አለበት። ሁለቱም ማሽኖች በአንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ አንድ ላይ እንደሚጠፉም ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ ማንበብ አለብኝ?

መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ጠዋት ላይ አራት ነገር የሚናገር አጭር ሪፖርት ይበቃል፦ ከብዙ ስህተት በኋላ የተሳካ መግቢያ፣ በእውነት ባሉ ስሞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተሞከሩ የተለያዩ ስሞች ብዛት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከውስጥ የመጡ ስህተቶች። የመጀመሪያው ከተገኘ ጠዋትን ሳይጠብቅ በስልክ እንዲነገር ማድረግ ተገቢ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ አንድም ያልተሳካ ሙከራ አልተመዘገበም። ደስ ሊለኝ ይገባል?

በፋየርዎል ጀርባ ያለና ለውጭ ያልተከፈተ ሰርቨር ከሆነ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ሰው የሚሠራበት ቢሮ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ጊዜ የይለፍ ቃል አልተሳሳተም ማለት ግን ለማመን ይከብዳል፤ ይልቁንም ዲስኩ ሞልቶ፣ አገልግሎቱ ቆሞ ወይም ማሻሻያ ሲጫን ቅንብሩ ተቀይሮ ይሆናል። እኔ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ለዚሁ ባዘጋጀሁት፣ ማንም በማይጠቀምበት ስም ሆን ብዬ አንድ ጊዜ እሳሳታለሁ፤ ከዚያ መዝገቡ ወደሚሰበሰብበት ማሽን ሄጄ ያ ስም በትክክለኛው ሰዓት መድረሱን አያለሁ። ካልደረሰ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልጀምርም።